ልጅ ከጀርባ ሲወርድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፉት ሳምንታት በዚህ የአንባቢያን ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ የወጡትን ደብዳቤዎች በጥሞና ተከታትያለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች የዛሬ ልጆች ሞልቃቃ እንደሆኑ፣ ለዚህም ተጠያቂዎቹ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር «ምን ሆንክ? ምን ሆንሽ?» እያሉ የሚያባብሉ ወላጆች እንደሆኑ ገልጸዋል። በባሕር ዳር ከተማ በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት 17 ዓመት ያገለገልኩና የሁለት ልጆች እናት እንደመሆኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። የማልስማማውም በሥራዬ ካየሁት ይልቅ በገዛ ልጄ ላይ ከፈጸምኩት ስሕተት ተነሥቼ ስለሆነ፣ ለመናገር ቢከብደኝም ከእርሱ እጀምራለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ያሳደገችው እናቴ ናት ማለት ይቻላል። ከዘጌ መጥታ አብራን ትኖር ስለነበር፣ እኔ ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ እርሷ ልጁን በአንቀልባ አዝላ ጊዮርጊስን ትሳለም ነበር፤ ከፍ ሲል ደግሞ እጁን ይዛ ትወስደዋለች። ቡና ስትቆላ ከጎኗ የማይጠፋው እርሱ ነበር፤ ቄጠማውን የሚጎዘጉዘውም እርሱ ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት እናቴ ታማ አረፈች። በሐዘኑ ሰሞን ቤታችን በለቅሶ ደራሽ ሲሞላ ልጁን ወደ ጎረቤት ላክነው፤ «እማማ የታለች?» እያለ ሲጠይቅም «ጠበል ሄዳለች» አልነው። ክፋት አስበን ሳይሆን፣ ሕፃን ሐዘን አይችልም ብለን ነው።

አርባዋ ሳይወጣ ልጄ መኝታው ላይ መሽናት ጀመረ። ከሁለት ዓመት በላይ ደርቆ ያደረ ልጅ ስለነበር ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኩት፤ ሽንቱ ታይቶ ምንም በሽታ የለበትም ተባልኩ። ያን ጊዜ ጥጋብ መሰለኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁት፣ ቀጥሎ ቆነጠጥኩት፣ በመጨረሻም አፍሮ ይተው እንደሆነ ብዬ ፍራሹን ራሱ ወደ ግቢው እንዲያወጣና ጎረቤት እያየው ፀሐይ ላይ እንዲያሰጣው አደረግሁ። የስፖንጅ ፍራሹ ከቁመቱ ስለሚበልጥ አንዱ ጫፍ መሬት ለመሬት እየተጎተተ፣ እርሱም ፊቱን ከፍራሹ ጀርባ ደብቆ ሲሄድ ዛሬም ድረስ ይታየኛል። በግቢያችን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ይህን ከደጃቸው ሆነው ተመለከቱና ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይህን ልጅ ማን ለቅሶ ደረሰው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሰፈሩ ሰው፣ የዕድሩ አባላትና የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ እኔን «እግዜር ያጥናሽ» ብለውኛል። ከእኔ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከእርሷ ሳይለይ ያደገውን ልጅ ግን ያጽናናው አንድም ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ባልቴቷ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሳህን ይዘው መጡ። ከፊቱ አስቀመጡለትና ለትልቅ ሰው እንደሚባለው «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉት። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ እማማ ጠበል እንዳልሄደች፣ ታማ እንደሞተችና የት እንደተቀበረች ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ጠበሉ አላዳናትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ያን ሁሉ ቀን ድና እስክትመለስ እየጠበቀ ነበር። ያን ዕለት ብዙ አለቀሰ፤ አልከለከልኩትም። መሽናቱ ወዲያው አልቆመም፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቷል። በእነዚያ ሁለት ወራት ግን ፍራሹን ጫፍና ጫፍ ይዘን አብረን እናወጣ ነበር።

ይህን የማነሣው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚሁ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ነው። የምንደክመው የልጁን ለቅሶ ለማስቆም ነው፤ ያስለቀሰውን ነገር ግን አንጠይቅም። ይህን በየዓመቱ መስከረም ላይ በትምህርት ቤት በር አየዋለሁ። አዲስ የገባ የአራት ዓመት ልጅ ወደ መጫወቻው ዘወር ባለበት ቅጽበት እናት ወይም አባት ተደብቀው ይወጣሉ፤ ዞር ሲል ሰው የለም። ለቅሶውን ያዳኑት ይመስላቸዋል። ያ ልጅ ግን በማግሥቱ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ከበሩ አያልፍም፤ ዓይኑን ከእርሷ ከነቀለ እንደምትጠፋ ትናንት ተምሯልና። ጎንበስ ብላ «አሁን እሄዳለሁ፤ ምሳህን በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ» ብላ ስማው የምትሄድ እናት ልጅም ያለቅሳል፤ ምናልባትም ጮክ ብሎ ያለቅሳል። ነገር ግን በእኔ ልምድ ከሳምንት በኋላ ጨዋታው ውስጥ የምናገኘው ይህን ሁለተኛውን ልጅ ነው።

ይህ አዲስ የመጣ የፈረንጅ ትምህርት ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ በዘመናችን ስለ ጉዳዩ ብዙ የጻፉት እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢና የሥራ ባልደረባው ሜሪ አይንስወርዝ ናቸው። ሆኖም አይንስወርዝ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር በየቤታቸው እየሄደች መመልከት የጀመረችው በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች መሆኑን ስረዳ ደስ ብሎኛል፤ እኛ በጥቁር አባይ መነሻ እንዳለን ሁሉ እነዚያ እናቶችም ከነጭ አባይ መነሻ ብዙም የማይርቁ ናቸው። 26 ቤተሰቦችን ስትከታተል ያስተዋለችው፣ የልጃቸውን ሁኔታ ከነጥቃቅኑ የሚያውቁና የሚናገሩ እናቶች ልጆች ብዙ እንደማያለቅሱ፣ እናታቸው ባለችበትም አካባቢያቸውን ለማወቅ ያለ ፍርሃት እንደሚሄዱ ነው። ኋላም በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ክትትል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለቅሷቸው ፈጥኖ ምላሽ ያገኘ ሕፃናት ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚያለቅሱ ተመልክታለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ማንሣት ያሞላቅቀዋል የሚለው አስተያየት ከዚህ ጋር አይሄድም።

እናቴ ይህን ሁሉ ሳታነብ ታውቀው ነበር። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ አፉን ለለቅሶ ሳይከፍት እንቅስቃሴው በጀርባ ይታወቃል፤ ያዘለችው ሴት ሊጥ እያቦካችም ቢሆን ወገቧን ወዝወዝ ታደርጋለች፣ እሹሩሩ ትላለች፣ ወይም አውርዳ ታጠባለች። ስለዚህ ለሕፃን ምላሽ መስጠትን ከማንም የምንማረው አይደለም፤ የጎደለን ሌላ ነው። እንደማየው ከሆነ ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ከጀርባ ሲወርድ ነው። ታናሽ ሲወለድ አንቀልባው ለታናሹ ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ በአንድ ጊዜ «ትልቅ ሰው» ይባላል። ትናንት ለእንቅስቃሴው እንኳ መልስ ይሰጠው የነበረ ልጅ፣ ዛሬ በቃል ሲናገር «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ያወራል» ይባላል፤ ወንድ ከሆነም አያለቅስም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለን የሚናገረውን ከቁም ነገር አንቆጥርም፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለንም እንተወዋለን።

ምላሽ መስጠት ማለት ልጁ የጠየቀውን ሁሉ መስጠት ነው ብለው ለሚሰጉ ጸሐፊዎች አክብሮት አለኝ፤ ሥርዓት የሌለው ልጅ ለራሱም እንደሚቸገር እኔም አውቃለሁ። በክፍሌ ኳስ የነጠቀ ልጅ ኳሱን ይመልሳል፤ በዚህ ድርድር የለም። ሲመልስ ግን እጁን ይዤ ጎንበስ እላለሁ፤ «ኳሱን በጣም ፈልገኸው ነበር፤ ተናደሃል፤ ቢሆንም ተራው የእርሷ ነው» እለዋለሁ። እምቢታው እንዳለ ሆኖ ስሜቱም ስም አገኘ። ኩርኩምና ቁንጥጫ ይህን አያስተምሩም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ የቤት ውስጡ ጉዳይ ግን ለእኛ ለወላጆች ኅሊና የተተወ ይመስላል።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር በሚገኙት መናፈሻዎች የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያይ አይመለስም፤ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን በደንገል ታንኳ የሚያልፈውን ዓሣ አስጋሪ እያመለከተች «አባ! አባ!» ትላለች፤ አባቷ ከስልኩ ቀና ሳይል «እ» ይላል። ደጋግማ ከጠራችው በኋላ ጣቷን ታጥፋለች። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች ከሕፃናቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ፊታቸውን ያለ ምንም ስሜት እንዲያደርጉ ጠይቆ ነበር። ሕፃናቱ ፈገግ ይላሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ይጮኻሉ፤ ምላሽ ሲያጡ ፊታቸውን ያዞራሉ። እናትየው ወደ ጨዋታው ስትመለስ ግን እነርሱም ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። ይህ የመጨረሻው ለእንደ እኔ ዓይነቱ ወላጅ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ከልጁ ጋር የማይተላለፍ ወላጅ የለም፤ ዋናው ተመልሶ መምጣቱ ነው።

በክልላችን በቆየው ግጭት የተነሣ ብዙ ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል። «ምንድን ነው?» ሲሉን «ርችት ነው» ያልን ጥቂቶች አይደለንም። የእኛን ፊት እያዩ ርችት እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የሚማሩት ስለሚያስፈራቸው ነገር እኛን መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው ነው። «ተኩስ ነው፤ እኔም ደንግጫለሁ፤ አብሬህ ነኝ፤ ከመስኮቱ ራቅና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ» ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ በእናት ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሲፈቅድ፣ ለአባት የፈቀደው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። አባት ልጁን ለመልመድ ሦስት ቀን አይበቃውም፤ እንዲራዘም መጠየቅ ያለባቸውም ራሳቸው አባቶች ናቸው ብዬ አስባለሁ።

የማቀርበው ጥያቄ ግን ከዚህ የቀለለና ወጪ የማይጠይቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረጉት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍ ውስጥ ከጤና፣ ከምግብ፣ ከደኅንነትና ከቅድመ ትምህርት ጋር እኩል የተቀመጠው አምስተኛው ነገር፣ ለልጁ ፍላጎትና ስሜት ምላሽ የሚሰጥ አሳዳጊ ነው። በአገራችን እናቶች ልጆቻቸውን በስድስተኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠነኛውና በ15ኛው ወር ለክትባት ያመጣሉ። በእነዚያ ቀናት ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል። የከተማችን ጤና መምሪያ ባለሙያዎቹ መርፌው ወግቶት የሚያለቅሰውን ሕፃን ለእናቱ መልሰው ሲሰጡ አንድ ደቂቃ ጨምረው ስለዚህ ጉዳይ እንዲነግሯት ቢያደርግ፤ በ15ኛው ወርም ልጁ ከጀርባ ሊወርድ በተቃረበበት ጊዜ «ከእንግዲህ በቃል ይጠራሻል፤ ያኔም መልሺለት» ቢሏት ብዬ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
ከባሕር ዳር