መንጃ ፈቃድ አለን፣ ሐረጎን መውረድ ግን ማንም አላስተማረንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም እንዴት ናችሁ። የደሴ ነዋሪ ነኝ፣ ስራዬ የእንስሳት ጤና ነው፣ ላለፉት 9 ዓመታት ስራዬን ምሰራው በሞተር ሳይክል ነው፣ ኩታበር በሉ ሐይቅ በሉ ገራዶ በሉ ሞተሬ ያልረገጠው መንገድ ጥቂት ነው። ይሄን ምጽፈው ለራሴ ብቻ አይደለም፣ 14 ነን፣ ግማሾቻችን ደሴ ግማሾቻችን ኮምቦልቻ ነው ምንኖረው፣ ጤና ላይ ሚሰሩ አሉ፣ ግብርና አሉ፣ ዕቃ አድራሾች አሉ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ እህታችንም አለች፣ የሁላችንም እንጀራ ሞተር ላይ ነው። ምንፈልገው አንድ ነገር ነው እሱም ትምህርት። የመንጃ ፈቃድ ማውጫውን ማለቴ አይደለም፣ እሱን ሁላችንም ይዘናል። ከሱ በላይ ያለውን ነው፣ መንዳት ለሚችል ሰው ሚሰጠውን ስልጠና።

ሞተር አደጋ አደረሰ በተባለ ቁጥር ሻይ ቤት ሚሰማው ወሬ አንድ ነው፣ ሞተረኛ ጥጋበኛ ነው፣ ይታገድ፣ አዲስ አበባም አግዳ የለ እንዴ ይባላል። አዲስ አበባ በ2011 ሞተር ላይ ገደብ ስትጥል የተነሳው ዋና ምክንያት በሞተር ሚፈጸም ወንጀል ነበር፣ የኛ ጉዳይ ሌላ ነው። እዚህ ሞተር ቢቆም ክትባቱ መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ አይደርስም፣ አዋላጇም በሰዓቱ አትደርስም። ጥጋበኛ የለም አልልም፣ አለ፣ ፒያሳ ላይ ጎማ እያነሳ ሚሄደውን ልጅ እኔም አይቸዋለሁ ተቆጥቸዋለሁም። ግን በቅርብ የማውቃቸው ወድቀው የተጎዱት አብዛኞቹ ትዳር ያላቸው፣ ቀስ ብለው ሚነዱ፣ ስራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የወደቁት ጠግበው ሳይሆን በዛች ሰከንድ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ ነው።

እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የተፈተንኩት ሜዳ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ጸሐይ፣ ደረቅ መሬት፣ በ1ኛ ማርሽ በኮኖቹ መሃል ተጠማዝዤ እግሬን መሬት ሳላስነካ ወጣሁ፣ አለፍኩ፣ በቃ። ከዛ የተሰጠኝ መንገድ ሐረጎ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሚወርደው ቁልቁለት። ለማያውቀው ሰው፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ፣ በመሃሉ 25 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ ነው ያለው፣ ማለትም ባንድ ትንፋሽ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን፣ ኩርባ ባንድ ጎን ገደል ባንድ ጎን፣ ክረምት ሲሆን ላይኛው በጉም ተሸፍኖ ታችኛው ጸሐይ ሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ፊት ለፊት ደግሞ ተሳቢ የጎተተ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ያ ሜዳ ለዚህ መንገድ ምን ያዘጋጃል?

የራሴን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ ነው፣ ከበጎች የወሰድኩትን ናሙና ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ ለማድረስ በረዶ የተሞላ ሳጥን ኋላ አስሬ እየወረድኩ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ሞተሬ ዲቲ ሚባለው ዓይነት ነች፣ ማርሹን 4ኛ ላይ ትቼ የኋላ ፍሬኑን ብቻ ረግጬ ረግጬ ነው የወረድኩት፣ 7 ዓመት ሙሉ እንደዛ ነበር ምወርደው ምንም ሆኖ አያውቅም። አጋማሽ ላይ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ሚሸተው ሽታ መጣ፣ የፊቴ መኪና ነው ብዬ አለፍኩት፣ የኔው ነበር። ቀጥሎ ወደ ቀኝ በሚጠመዘዘው ኩርባ ስገባ ተሳቢ ያለው መኪና እየወጣ ነው፣ ጭንቅላቱ አለፈኝ ተረፍኩ ስል ጅራቱ መስመሬን ቆርጦ መጣ። ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ስር ባዶ ሆነ። ደንግጬ የፊቱን ባንዴ ጨበጥኩት፣ ሞተሯ ዘንበል እንዳለች የፊት ጎማው ታሰረ፣ ከዛ በኋላ ማስታውሰው ሄልሜቴ አስፋልቱን ሲፈጭ ያሰማው ድምጽ ነው።

አልሐምዱሊላህ ተረፍኩ። በለስ ሚሸጡ ልጆች ናቸው ሮጠው የደረሱልኝ፣ አንዱ ሞተሯን አነሳ አንዱ የተበተነውን በረዶ በእጁ እየሰበሰበ ወደ ሳጥኑ ይመልሳል፣ እኔ ተው ልለውም አልቻልኩም። ናሙናው ተሰብሮ ነበር። የዛ ገበሬ በጎች ሌላ ሳምንት ጠበቁ፣ የሞቱም አሉ። እስካሁን ሚከነክነኝ እሱ ነው።

ሰው ሲሰማ ምን ይላል፣ ልምድ ያስተምራል ይላል። ልምድ እኔን 7 ዓመት ሙሉ ስህተት ነው ያስተማረኝ፣ ያውም ስህተቱን ቀን በቀን እያለማመደኝ።

ከዛ ጊዜ ጀምሮ ነው ከጓደኞቼ ጋር ይሄን ነገር ማውራት የጀመርነው። ሲወራ ሁሉም የየራሱን አወጣ፣ አዋላጇ እህታችን ገራዶ መንገድ ላይ ጠጠር ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃ ለማንም እንዳልተናገረች ያን ቀን ነው የነገረችን፣ ሴት ሞተር ምን ያደርግላታል እንዳይሉኝ ብዬ ነው አለች። በሰው 500 ብር አዋጣን 7,000 ሆነ፣ ብዙ ዓመት የነዱና ሌሎችንም ያስተማሩ አንድ ጋሼ ለመንን፣ እሳቸውም ገንዘቡን ለነዳጅና ለሻይ አድርጉት ብለው በነጻ እሺ አሉን፣ ኮምቦልቻ ዳር ላይ ያረጀ አስፋልት ያለው የመጋዘን ግቢ ደግሞ ባለቤቱ ለሁለት እሁድ ፈቀዱልን። ኮን ስላልነበረን የሃይላንድ ላስቲክ አሸዋ ሞልተን ነው የደረደርነው።

የመጀመሪያው እሁድ ፍሬን ብቻ ነው የሰራነው፣ 4 ሰዓት ሙሉ ፍሬን። ጋሼ መጀመሪያ ጠየቁን፣ የፊት ፍሬን ምትጠቀሙ እጃችሁን አውጡ፣ ከ14 ሰው 3 እጅ ወጣ። ለምን ሲባል ሁሉም ያው መልስ፣ የፊት ፍሬን ይገለብጣል። ከዛ በ40 ፍጥነት እየመጣን ምልክቷ ጋ ስንደርስ በኋላ ፍሬን ብቻ እንድንቆም አደረጉን፣ በእርምጃ ለካን፣ እኔ 24 እርምጃ ሄጄ ነው የቆምኩት ጎማው እየተንሸራተተ። በሁለቱም ፍሬን፣ የፊቱን ቀስ ብሎ እየጨመሩ ሲጨብጡት፣ 13። ምክንያቱን ሲያስረዱን ቀላል ነው፣ ሞተር ስታቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማ መሬቱን ይነክሳል የኋላው ይቀላል፣ ስለዚህ የማቆም ጉልበቱ አብዛኛው ያለው ፊት ነው። ሚገለብጠው ወይ ሚጥለው ፍሬኑ ሳይሆን ባንዴ መጨበጡ ነው፣ ወይም ሞተሩ ዘንበል ብሎ እያለ መያዙ፣ እኔ ሐረጎ ላይ እንዳደረኩት። ሌላው ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝክ በኋላ እስክትቆም ምትሄደው ርቀት እጥፍ አይደለም ሚሆነው፣ 4 እጥፍ ነው፣ በ30 እና በ60 መሃል ያለው ልዩነት ይሄ ነው። ይሄን ሁሉ 9 ዓመት ነድቼ አላውቀውም ነበር።

ሁለተኛው እሁድ ስለ ቁልቁለት ነበር። ማርሽ ሚቀነሰው ቁልቁለቱ ውስጥ ከተገባ በኋላ አይደለም፣ ጫፉ ላይ ነው፣ 2ኛ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍሬኑን እየነኩ እየለቀቁ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ ወይ ፍሪሲዮን ጨብጦ መውረድ ራስን ለገደል መስጠት ነው። እዚህ ጋ አንድ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ፣ አፓቼና ቦክሰር ሚባሉትን ሞተሮች ምትነዱ ባለ 4 ምት ስለሆነ ሞተሩ ደህና አድርጎ ይይዛል፣ ዲቲና ኤጂ 100 ግን ባለ 2 ምት ናቸው፣ ሞተሩ ሚይዘው ትንሽ ነው፣ በዛ ላይ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ዘይቱንም ያሳንስበታል፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። እና እነዚህ ሞተሮች ናቸው እኮ በየገጠሩ ለሰራተኛ የተከፋፈሉት! ፍሬናቸውም ብዙዎቹ ዲስክ የላቸውም። እንግዲህ በየትኛው ሞተር ላይ ነው ሰው ይበልጥ መማር ያለበት?

ስለ ዓይን ደግሞ ጋሼ የነገሩን ከጭንቅላቴ አይወጣም፣ ሞተር ምታየው ቦታ ነው ሚሄደው አሉ፣ ገደሉን ካየህ ገደል ትገባለህ፣ የመኪናውን ጎማ ካየህ ጎማው ስር ትገባለህ፣ መውጫውን እይ። ላስቲኮቹን ደርድረው ሲያሰሩን እውነት ነው፣ ላስቲኩን ያየ ሁሉ ላስቲኩን ይመታል። መሪውን መግፋት ሚባለውንም ያን ቀን ነው ያየነው፣ ግራ ለመሄድ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ትንሽ ገፋ ስታደርገው ሞተሩ ወደ ግራ ይተኛል፣ እኛ ሳናውቀው በልምድ እናደርገዋለን፣ አውቆ ሲደረግ ግን ከድንገተኛ ነገር በግማሽ ሰከንድ ማምለጥ ይቻላል። የነርሷ ነገር በተለይ ደስ አለኝ፣ እሷ ከሁላችንም ቀድማ ነው የያዘችው።

የተሳቢውን ነገር ግን ገና አልሰራነውም። እዛ ግቢ ውስጥ ተሳቢ የለም። ወደ ቀኝ በሚዞር ኩርባ ላይ ሚመጣው ተሳቢ ጅራቱን ወደኛ መስመር እንደሚቆርጥ፣ ስለዚህ ሳይገቡ ኩርባው አፍ ላይ ቆሞ ማሳለፍ እንደሚሻል፣ ከኋላው ስትሆን ደግሞ የሹፌሩ ስፖኪዮ ካልታየህ እሱም አንተን እንደማያይህ በቃል ነው የሰማነው። ይሄ መንገዱ ላይ፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አስተማሪ ከኋላ እየተከተለን ነው መሰራት ያለበት። ዕቃ ጭኖ ወይ ሰው አፈናጥጦ መንዳትም እንዲሁ፣ ጉም ውስጥ መንዳትም፣ ጠጠርና ጭቃም።

ሁለቱ እሁድ ካለቀ በኋላ ግቢው ዕቃ ማራገፊያ ሆነ፣ በባለቤቱ አንፈርድም፣ እንዲያውም ዱአ ነው ምናደርግላቸው። ግን ቆምን። ደሴ እንደምታውቋት ጦሳ ተራራ ስር የተለጠፈች ከተማ ናት፣ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው፣ አስፋልት ያለው ባዶ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው። ኮምቦልቻ ግን ሰፊ ነው፣ የፋብሪካ ግቢ አለ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ አለ፣ እሁድ ጠዋት ጭር ሚል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው ምንፈልገው፣ ቆሻሻ አንተውም፣ ሲያልቅ እንጠርጋለን።

ከቦታው ሌላ አንድ ሁለት አሰልጣኝ ያስፈልገናል፣ ጋሼ እድሜያቸው ገፍቷል፣ ሐረጎን ከኛ ጋር እየወጡ እየወረዱ ይልፉ ማለት አይሆንልንም። ከትራፊክ ፖሊስም ሆነ ከማሰልጠኛ ተቋም፣ ሞተር ላይ የኖረ ሰው ካለ የትራንስፖርቱን ወጪ እኛ እንሸፍናለን።

ሞተር ለሰራተኛ ምታድሉ መስሪያ ቤቶች ደግሞ፣ ቁልፍ ስታስረክቡን የሞተሩን ቁጥር ታስፈርሙናላችሁ፣ የሄልሜቱን ታስፈርሙናላችሁ፣ ጥሩ ነው ንብረት ነው። እዛው ወረቀት ላይ ይሄ ሰራተኛ የአንድ ቀን የቁልቁለትና የፍሬን ስልጠና ወስዷል ሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። የሄልሜቱም ልክ ይታሰብበት፣ ነርሷ እህታችን የተሰጣት ለወንድ ጭንቅላት የተገዛ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ዓይኗ ላይ ይወርድባታል፣ ውስጡን በሻርፕ ሞልታ ነው ምትነዳው። ጭንቅላት ላይ በትክክል የተቀመጠ ሄልሜት የመሞት እድልን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ያሳዩት ነገር ነው፣ ሚወዛወዝ ሄልሜት ግን ስትወድቂ ቀድሞሽ ነው ሚሄደው።

አሁን ሚያዝያ ነው። ሰኔ ሲገባ ሐረጎ ላይ ጉሙ ይጀምራል፣ ከዛ በፊት ቢያንስ 4 እሁድ እንፈልጋለን። ሌሎች ሞተረኞችም ካላችሁ ኑ፣ 14 ላይ አንቆምም፣ መዋጮ የሌለው በነጻ ይማራል ብለን ተስማምተናል። ላስቲኮቹን አልጣልናቸውም፣ 40 ናቸው፣ አሸዋቸውን እንደያዙ ኮምቦልቻ አንዱ ጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ ተደርድረዋል፣ ቦታ ተገኘ በተባለ ማግስት በባጃጅ ጭነን እናመጣቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የ14ቱ ሞተረኞች ተወካይ፣ ከደሴ