ካርድ ላይ ሰዓት ስትጽፉ

ሰላም የድንገተኛ ክፍል ልጆች። ትናንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከአባይ ቆላ በሪፈር አንድ አባት መጡ፤ ከበቅሎ ወድቀው ነው። የሪፈር ወረቀታቸው «ትራማዶል 3:00» ይላል፤ የሕመም ማስታገሻው መርፌ ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ የለም። በእኛ ሰዓት ከሆነ መርፌውን ማታ 3 ላይ ወስደዋል ማለት ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ላይ፣ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ልንደግምላቸው መርፌውን ይዘን ቆመናል። ደግነቱ ልጃቸው «ዶሮ ሲጮህ ነው የወጓቸው» አለን። ዶሮ አዳነን!

እኛም እኮ ያው ነን። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ወይ ሌሊት፣ በእኛ ወይ በፈረንጅ ብላችሁ ጻፉ፤ መጠኑንም ጨምሩ። «ቫይታል ሳይን ደህና» የሚባለውን ተዉትና የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የሙቀቱን ቁጥር አስፍሩ። ፊርማው ስር ስም ይኑር፣ የአንዳንዶቻችን ፊርማ የዶሮ ጭረት ነው።