ወንጪ በክረምትም አለ

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አገር ውስጥ ጉብኝት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ወደ ሐይቅና ወደ ተራራ መሄድ የሚፈልግ ሰው ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቅ የሚለው ምክር።

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ሰባተኛ፣ ትንሹ አራተኛ ክፍል ናቸው። ትምህርት ቤታቸው የሚዘጋው በክረምት ነው። ሐምሌንና ነሐሴን እቤት ተቀምጠው ስልክና ቲቪ ላይ ሲያፈጡ ይከርሙና መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ክፍል ይገባሉ። እና መቼ ነው የምንሄደው? አስጎብኚዎቹ «ሎው ሲዝን» የሚሉት የውጭ እንግዳ የሚጠፋበትን ጊዜ ነው። የእኛ ቤተሰብ አብሮ እረፍት የሚያገኘው ግን ያኔ ነው። ለምን በሰው የቀን መቁጠሪያ እንደምንጓዝ አይገባኝም።

ዘንድሮ ጠብቄ ጠብቄ ሲሰለቸኝ በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ወደ ወንጪ ሐይቅ ወሰድኳቸው። አስቀድሜ ሁለት አስጎብኚዎች ጋ ደውዬ ነበር። አንደኛው በክረምት ወደዚያ መኪና አልልክም አለኝ፣ ሁለተኛው እደውላለሁ ብሎ ጠፋ። በመጨረሻ ወንድሜን ለምኜ በእሱ መኪና ሄድን። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከዚያ ወደ ወንጪ መውጣት ነው።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ምንም አይታይም። ጉም ብቻ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ልጄ «ሐይቁ የታለ?» ብሎ አኮረፈ። እዚያ የነበሩ ፈረስ ይዘው የቆሙ አባት «ትንሽ ቆዩ፣ ይገልጣል» አሉን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ከዚያ ጉሙ ከታች ጀምሮ እየተነሳ መጀመሪያ የእንሰቱ ማሳ፣ ቀጥሎ ውሃው፣ በመጨረሻ መሃል ላይ ደሴቷ ብቅ አለች። ወንጪ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ ከዙሪያው ገደል ላይ ዝናቡ የወለዳቸው ትናንሽ ፏፏቴዎች ይወርዳሉ። በጥር አንድ ጊዜ ሄጄ አውቃለሁ። ያኔ እነዚህን አላየሁም፣ ሳሩም ቢጫ ነበር።

በፈረስ ወረድን። ጭቃ ነው፣ አልዋሽም፣ ግን ፈረሶቹ መንገዱን ያውቁታል። ከዚያ በጀልባ ወደ ደሴቷ፣ ወደ ቂርቆስ ገዳም ተሻገርን። አንድ አባት ልጆቼን አስቀምጠው ቅዱስ ገብርኤል የሦስት ዓመቱን ሕፃን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ እንዴት እንዳዳናቸው ነገሯቸው። በዓሉ የዋለው ከዚያ በፊት ባለው ቀን ነው፤ ልጆቼ እቤት ዳቦ ቆርሰው ነበር። ታሪኩን በሕፃኑ ስም በተጠራው ቦታ ሲሰሙት ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጀልባው ላይ አራት ሰው ነበርን፣ ላይፍ ጃኬቱ ሁለት ብቻ። ለልጆቹ አለበስኩ። ቀዛፊውን «ወንድሜ፣ ሌላ የለም?» ብለው ሌሎቹ መጋዘን እንደገቡ፣ ለመስከረም እንደሚወጡ ነገረኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ያልሰጡትን ከየት ያመጣል። ግን አስቡት፤ ነፋስና ዝናብ በሚበረታበት ወር ጃኬቱ ተቆልፎበት፣ ውሃው ዝም በሚልበት ወር ይወጣል። ማታ ያረፍንበትም (ስሙን መጥራት አልፈልግም) ከምግብ ዝርዝሩ ግማሹ የለም፣ ጠዋት ሙቅ ውሃ የለም፣ ዋጋው ግን የጥር ዋጋ ነው። ሰው ቀርቷል ብሎ አገልግሎቱን ከቀነሰ ሂሳቡንም መቀነስ ነበረበት። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፍጦኝ የማያውቅ ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ የበላሁት እዚያ ሳይሆን መንገድ ዳር አንዲት እናት ቤት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮችን ሲመርጥ ወንጪም አንዷ ነበረች። «ገበታ ለሀገር» በተባለው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ ብዙ ተሠርቶባታል። ይሄ ሁሉ ገንዘብና ስም ለዓመቱ ግማሽ ብቻ ነው እንዴ? ባለ ፈረሱ አባት ከእኛ በፊት እንግዳ ያገኙት ከዘጠኝ ቀን በፊት እንደሆነ ነግረውኛል። ፈረሱ ግን በየቀኑ ይበላል።

የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ለእንግዳ የሚከራይ የጎማ ቦት ጫማና ጃንጥላ ይቀመጥ። አፋፉ ላይ ጉሙ እስኪገልጥ ሰው የሚጠለልበት፣ እሳት የሚነድበት ቤት ይኑር። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ስለሚገባ የጾም ምግብ ይዘጋጅ። ነፋስ ሲነሳ ጀልባ ይቁም፣ ሲሄድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት ይኑረው። የሚሄድ ቤተሰብም በጠዋት ይነሳ፣ እኛ በሄድንበት ቀን ዝናቡ የጀመረው ከሰዓት በኋላ ነው። ቅያሪ ካልሲ በደንብ ያዙ፣ እኛ ሦስት ጊዜ ቀይረናል።

እናንተም ብትችሉ ነሐሴ ሳያልቅ የትኛው ቦታ በክረምት ክፍት እንደሆነ፣ መንገዱስ እንዴት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ብዙ ወላጅ የሚቀረው ሳይፈልግ ቀርቶ ሳይሆን የሚነግረው አጥቶ ነው።

እኔ ለቡሄ ሰሞን እናቴን ይዤ ልመለስ አስቤያለሁ። አምስት ሰው እንሆናለን። አምስት ላይፍ ጃኬት ባገኝ ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ