ሣጥኑንስ ጻፋችሁ፣ ዕቁቡን የት ጣላችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ድሃ ለምን አይቆጥብም ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ከጎረቤቶቼ ጋር አነበብነው። መጀመሪያ ሳቅን። ቆየት ብዬ ግን ተናደድኩ።

ኬንያ ውስጥ ለሰዎች ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ቢሰጣቸው መቆጠብ ቻሉ ትላላችሁ። ለካስ እስከ ዛሬ የቸገረን ሣጥን ኖሯል! ምናለሽ ተራ በቆርቆሮ ቀጥቅጠው ከነጓጉንቸሩ ይሠሩት የለም እንዴ? አጠገባችን እያለ ማን ይንገረን።

ልጄ ጥናቱን ፈልጋ አገኘችው። የፓስካሊን ዱፓና የጆናታን ሮቢንሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የታተመው። ስታስረዳኝ ጉድ አልኩ። ሙከራው የተሠራው እኮ እንደኛ ዕቁብ ባሉ ማኅበራት አባላት ላይ ነው! ድሮውንም የሚቆጥቡ ሰዎች ናቸው። ሣጥን የተሰጣቸው ለአጎበርና ለመሳሰለው የሚያወጡት ገንዘብ ጨምሯል፣ አልክድም። ቁልፉን የፕሮጀክቱ ሰው ሲይዘው ግን ለዚህ አልረዳም። በገዛ ገንዘቡ የማያዝ ሰው ምን ብሎ ያስቀምጣል? ከሁሉ የበለጠው አባላቱ በየስብሰባቸው ለጤና ብለው ተጨማሪ እያዋጡ በየተራ ለአንዱ የሚሰጡት ነው። ለበሽታ መከላከያ የሚያወጡትን ከእጥፍ በላይ አሳደገው። ታዲያ ይሄ ዕቁብ አይደለም? እሱን ዘላችሁ ሣጥኗን ርዕስ አደረጋችኋት። እርማት አውጡ።

እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባልትና እሸጣለሁ፤ የሰፈራችንን ዕቁብ ስጽፍ 19 ዓመቴ ነው። ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ አባል አለችን። እሑድ እሑድ መቀነቷን ፈትታ፣ የተጨማደደውን ብር በጉልበቷ ላይ እያቃናች ትቆጥርልኛለች። ገበያ የቀዘቀዘ ሳምንት ተበድራም ቢሆን ትጥላለች። ዋሷ አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ናት፤ ቀርታ የት ትገባለች? ደግሞ ዘመድ «አበድሪኝ» ሲላት «የዕቁብ ነው» ትላለች። ማንም አይቀየማትም። ሣጥን ቢሆን ምን ልትል ነው? «ሣጥኔ ይቆጣኛል»?

ሌላም አለ። «ድሃ ነገን አያይም፣ ትዕግሥት የለውም» የምትለዋ አንቀጽ። አምና አንድ ወጣት ቅጽ ይዞ ሱቄ መጣ። ዛሬ 100 ብር ይሻልሻል ወይስ ከወር በኋላ 150 አለኝ። ዛሬ አልኩት። «የኔ ልጅ፣ ከወር በኋላ አንተን የት አገኝሃለሁ?» ስለው ሳቅ አለና በእርሳስ ምልክት አደረገ። በቃ፣ ትዕግሥት የሌላት ተብዬ ተመዘገብኩ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከ34 ዕጣ የኔ የወጣው 31ኛው ሳምንት ላይ ነበር። ሰላሳ እሑድ ለሌላው እያስረከብኩ ጠብቄያለሁ። ልጁ እሱን አልጠየቀኝም፤ ቅጹ ላይም ቦታ አልነበረውም።

የዕቁብ ጸሐፊዋ፣ ከተክለ ሃይማኖት