ደብዳቤ ለልጄ፦ ሌሊቱን ተኚበት

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ልበልሽ እንጂ እናትሽ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እህል በአግባቡ አልቀመሰችም። የጅራታም ኮከብ ምስል ስትመረምሪ ሦስት ሌሊት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠሽ አድረሽ፣ ራስሽን ስተሽ ደረጃ ላይ መውደቅሽን ወንድምሽ ነገረን። አንቺ ለእናትሽ በስልክ «ደረጃው አዳልጦኝ ነው» አልሻት። ለእናት እንዲህ ይባላል? ወንድምሽን ግን እንዳትቆጪው፤ አስጨንቄ ያናዘዝኩት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ሌሊት ተኚ።

የድሮ የሥነ ፈለክ ሰዎች ሌሊት የሚነቁት ኮከቡ እንዳይጠልቅባቸው ነው። የአንቺ ጅራታም ኮከብ ወዴት ይጠልቃል? ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ሥራ እንዳቆመ፣ ያነሳው ምስል ግን ሁሉ ተቀምጦ እንደሚገኝ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 ያየው የተሰባበረው ጅራታም ኮከብ፣ ሽቫስማን-ቫክማን 3፣ ፍርስራሹ በአቧራው መስመር ላይ እንደተሰለፈ ጠዋትም እዚያው ይጠብቅሻል።

ሥራሽን ማቃለሌ አይደለም። ባለፈው ጥር ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመን ያሳየሽኝን አልረሳሁም። ወንዙ ደርቆ፣ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ሲያቋርጠው ደቃቁ አቧራ በነፋስ ወደ ከዚራ ነጎደ፤ ጠጠሩ እዚያው ጎማው ባለፈበት ቀረ። «አባዬ፣ በቃ ይኸው ነው» አልሽኝ። ደቃቁን የፀሐይ ብርሃን ገፍቶ ጅራት ያደርገዋል፤ ከበድ ያለው ጅራታሙ ኮከብ በሚዞርበት መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ያንን የጠጠር መስመር መጀመሪያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1983 የመጠቀችው የጠፈር ቴሌስኮፕ አይራስ ናት አልሽኝ።

ያን ዕለት ማታ ደግሞ የጓሯችን ግንብ አጠገብ አቆምሽኝ። ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት አልፏታል፤ ግንቡን ሳልነካው ሙቀቱ ጉንጬን መታኝ። አቧራውም እንደ ግንባችን ፀሐይ ሞቆ ሙቀቱን መልሶ ይሰጣል፤ ዓይን በማያየው የሙቀት ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ፣ የምታዪው እሱን ነው። ቴሌስኮፑ ራሱ ከሞቀ ግን የገዛ ሙቀቱ ያሳውረዋል። 30 ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ለኖርኩ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። አይራስ የሚያቀዘቅዛት ሂሊየም በ10 ወር አልቆ ዓይኗ ጠፋ። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ ያለው አንዱ መሣሪያ በሂሊየም ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት፣ ከዜሮ በታች እስከ 266 ዲግሪ እንደሚወርድ ስትነግሪኝ ደነገጥኩ። ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ! ቢበላሽ ማን ደርሶ ቫልቩን ይዘጋለታል?

ስለ ቫልቭ ካነሳሁ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የሠርጋችን ፎቶ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከጎኔ የቆመው ሚዜዬ፣ ልጅ ሳለሽ ለማማር ያደረገው ይመስልሽ ነበር። በየፋሲካው እጁን ይዘሽ ከባጃጅ የምታወርጂው እሱ ነው። በ1984 ዓ.ም. በአንድ በረዶ ፋብሪካ አብረን የሌሊት ተረኞች ነበርን። እኔ ለሠርጉ ገንዘብ ላጠራቅም ብዬ የሌሎችንም ተራ ወስጄ ቀን ከሌት ሠራሁ። በሦስተኛው ሌሊት የግፊት መለኪያው ፊት በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝ። መርፌው ቀዩን መስመር ሲያልፍ አላየሁም። የነቃሁት በፉጨቱ ነው። አሞኒያው እንደ ጉም ክፍሉን ሞልቶታል፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቫልቩን ሊዘጋ የገባው እሱ ነው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ዓይኑን ይዞ ሲወጣ ያየሁት እስካሁን ከፊቴ አልሄደም። ለአለቆቻችን «ቱቦው አርጅቶ ነው» አላቸው፤ እስከ ዛሬም ቃሉን አልለወጠም። እኔም ዝም አልኩ። ሠርጌን ደግሼ ሚዜ አደረግኩት።

ቱቦው አላረጀም ነበር።

ይህን ለእናትሽ በስልክ እንዳታወሪ፤ ራሴ እነግራታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ።

አንቺ ነገ ዛሬ ሳትዪ ደምሽን ተመርመሪ፤ የአያትሽ የደም ማነስ አለብሽ። ምስር ብዪ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቡና አትጠጪ። የሠራሽውን ሁለት ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪ፣ አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይሁን። የቤት ኪራይ ካጠረሽ ተናገሪ፤ ሌሊት ተጨማሪ ሥራ እሠራለሁ ብትዪ ግን አልሰማሽም። በርበሬና ሐላዋ በጎረቤታችን ልጅ ልከናል፤ በርበሬው በድርብ ላስቲክ ነው፣ ቤትሽ ገብተሽ ፍቺው። ሐላዋውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ፣ ይደርቃል።

ደብዳቤው ሌሊት ከደረሰሽ መልስ አትጻፊ። ተኝተሽ፣ ቁርስሽን በልተሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ