ድጎማው ሲዋዥቅ የሚቆመው ሥራ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ማዕከላዊ መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠው የበጀት ድጎማ በብዛቱ ብቻ ሲለካ እናያለን፤ እኔ ግን ከመጠኑ ይልቅ ከዓመት ዓመት መዋዠቁ ሊያሳስበን ይገባል እላለሁ። ድጎማው በዓመቱ ከሚሰበሰበው ታክስ የተወሰነ ድርሻ ሆኖ ሲተመን፣ ኢኮኖሚው በተቀዛቀዘ ቁጥር የአስተዳደሩ የራሱ ገቢም ድጎማውም በአንድ ጊዜ ይቀንሳሉ፤ ሕዝቡ አገልግሎት አጥብቆ የሚሻው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ደመወዝን መንካት ስለሚከብድ አስቀድሞ የሚቆረጠው የጥገናና የግንባታ በጀት ነው፤ መሠረቱ የወጣለት ጤና ጣቢያ ጣሪያ ሳይለብስ ይከርማል፣ ሥራው ሲቀጥልም የቁሳቁሱ ዋጋ ንሮ ይገኛል። በደጉ ዓመት በመጣ ገንዘብ ቋሚ ቅጥር ከተፈጸመም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) በክፉው ዓመት ከባድ ሸክም ይሆናል።

ካናዳ ለግዛቶቿ የምትሰጠውን የማመጣጠኛ ድጎማ (ገቢ የማመንጨት አቅማቸው አነስተኛ የሆኑትን ከሌሎቹ ጋር ለማቀራረብ የሚሰጥ ገንዘብ) እ.ኤ.አ. ከ2007 ማሻሻያ ወዲህ የምታሰላው በሦስት ዓመት አማካይ በመሆኑ፣ የአንድ ዓመት ድንገተኛ መውረድ ክፍያውን ወዲያው አያናጋውም። አማካዩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አስተዳደሩ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት የድጎማው ልክ ሊነገረው፣ ገቢ ከተረፈበት ዓመትም መጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ሊፈቅድለት ይገባል። በዓመቱ ያልወጣ ገንዘብ ሁሉ ተመላሽ ይደረግ በሚል ደንብ ሥር ቁጠባን መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ