ቀዩ ጭቃ ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሉሚኒየም በወጣው ጽሑፍ፣ የአሉሚኒየም ማዕድን የሆነው ቦክሳይት ተጣርቶ የሚተርፈው ቀይ ጭቃ «የትም ቢሆን ያው ነው» መባሉ አልተዋጠልኝም። ኮምቦልቻ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ደግሞ አተላ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል።

አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ከቦክሳይት በሚወጣበት በባየር ዘዴ፣ ማዕድኑ ተፈጭቶ ቆዳ በሚያቃጥል ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይቀቀላል፤ አሉሚናው ሲሟሟ የማይሟሟው ቀይ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ጊብሳይት የተባለው የአሉሚኒየም ማዕድን ለበዛበት ቦክሳይት 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይበቃዋል፤ ቦህማይት የተባለው ሌላው ግን ከ200 በላይ ይፈልጋል። ሙቀቱ ከፍ ሲልና ኖራ ሲጨመር፣ ጎታይት የተባለው የብረት ማዕድን ወደ ሄማታይት ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ ጭቃው ቶሎ ይዘቅጣል። በማዕድኑ ውስጥ ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ) ከበዛ ደግሞ ሶዳውን ይዞ ከጭቃው ጋር ይወጣል፤ ያንን በውኃ ማጠብ ብቻ አያስለቅቀውም።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ መጨረሻው ላይ ነው፦ ስንት ጊዜ ታጠበ፣ ምን ያህል ተጨመቀ? እንደ አጥሚት ቀጥኖ በግድብ የተጠራቀመ ጭቃ ምን እንደሚያደርግ መስከረም 2003 ዓ.ም. ሀንጋሪ፣ አይካ ላይ ታይቷል። ግድቡ ተደርምሶ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆዳቸው በሶዳው ተቃጠለ። ተጨምቆ የተከመረ ጭቃ እንዲያ አይጎርፍም።

እኛ ዘንድ የአሉሚና ማጣሪያ የለም። ሆኖም ቦርከና ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው የፋብሪካ ዝቃጭ ወሬ ሩቅ አይደለም።

እርማቱን ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎቼ ጽሑፋችሁን ቆርጠው ክፍል ውስጥ ለጥፈውታል።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ከኮምቦልቻ